ሽማግሌዎች የቆሙበት አርቪ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ? እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለም፣ የጠፋም የለም። አምስት ሰዎች በአርቪ፣ ማለትም አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም ውስጡ ባለ ትልቅ መኪና፣ ወንዝ ዳር ወዳለ የስቴት ፓርክ ሄድን፤ ሁለት ሌሊት አድረን ተመለስን። ጥብሱ ጥሩ ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ሁላችንም እንስቃለን። ለጓደኞቼ ስነግራቸው "ሶ ምን ሆነ?" ይሉኛል፤ አልፈርድባቸውም፣ ሲወራ ምንም አይመስልም። ግን ካልጻፍኩት እኔም ቀስ በቀስ ምንም እንዳልሆነ ማመን የምጀምር መሰለኝ። ስለዚህ እንደሆነው፣ በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ያደግኩት ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙ በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ ነው። አባዬ ዳውንታውን ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ይሠራል፤ እማዬ አረጋውያን ትንከባከባለች። በስምንት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድም አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የቤቱን ደብዳቤ የማነበው፣ የሐኪም ቀጠሮ የምይዘው፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የመጠበቂያ ሙዚቃ ስሰማ የምቆየው እኔ ነኝ። ይህን ለማማረር አይደለም የምጽፈው፤ ደስ ይለኝ ነበር። አባዬ ለእንግዳ "የቤቱ ጸሐፊ እሷ ናት" ሲል አንገቴን ደፍቼ እስቅ ነበር።

ጋሼ የምንላቸው ሰው ዘመዳችን አይደሉም። በወጣትነታቸው ለትምህርት ከአዲስ አበባ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ የውሃ መሐንዲስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በጣም ረጅም ሰው ናቸው። በሠፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪኮች ሲካሰሱ፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን የከተማችን ወንዝ ድልድይ ላይ አቁመውኝ፣ ደረቁን የሲሚንቶ ቦይ እያሳዩኝ "ይሄ ወንዝ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ አመጣሽና ታዪዋለሽ" አሉኝ። ዝናቡ መጣ፤ እሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው ወሰዱኝ። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ዛፍ ተሸክሞ፣ ከድልድዩ ሥር እያጓራ ሲያልፍ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ከውሃ ምህንድስና ሌላ ትምህርት አስቤ አላውቅም። በሰሜን ካሊፎርኒያ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ሳመለክት የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝም ጋሼ ናቸው።

ማመልከቻውን የሞላሁት እትዬ ሱቅ ነው። እትዬ የክርስትና እናቴ ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመም፣ ነጠላና ሻማ ይሸጣሉ፤ ከሱቁ በስተኋላ በበርበሬ ከረጢቶች መካከል አንዲት ጠረጴዛ አለቻቸው። እዚያ ተቀምጬ እያስነጠስኩ ነው የጻፍኩት። ኢሜይሉንና አካውንቱን የከፈተልኝ ወንድሜ ነበር።

"ፓስዎርዱ እኔም ጋ ይቀመጥ። ትረሺዋለሽ" አለኝ።

እኔ ነገር አልረሳም። ቢሆንም እሺ አልኩት። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ተቀበሉኝ። ደብዳቤውን ለአባዬ እየተረጎምኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ጨርሼ ቀና ስል "መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

"ድራይቭ ከተደረገ ሰባት ሰዓት።"

"ሰባት ሰዓት" አለና ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ዝምታውን እንደ ይሁንታ ቆጠርኩት። የዶርም ቦታ ያዝኩ፣ አብራኝ ከምትኖረው ልጅ ጋር መልእክት መለዋወጥ ጀመርኩ፣ ይዤ የምሄደውን ዕቃ በዝርዝር ጻፍኩ።

የጉዞው ሐሳብ የተነሳው የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሰሞን ነው። ጋሼ አንድ አሮጌ አርቪ ገዝተው ነበር፤ "ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ወንዝ ዳር ወስደን እንሸኛታለን" አሉ ተባልኩ። የነገረኝ አባዬ ነው። ከመነሳታችን ሁለት ቀን በፊት ከሥራ ሲመለስ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት ይዞ ገባ። ውስጡ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ነበር፣ ወፍራም፣ አዲስ።

"ለካምፒንጉ ነው" አለኝ። "ለዶርሙም ይሆንሻል። ሰሜን ይበርዳል አሉ።"

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ስለ ዶርሙ ሲናገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

አርብ ጠዋት አርቪው እትዬ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመ፤ የሁለት መኪና ቦታ ይዞ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየው ጀመር። ከምግብ ቤቱ አንድ አስተናጋጅ በሩ ላይ ሆኖ "ጋሼ፣ ቤት ገዝተው ጎማ ገጠሙበት እንዴ?" አላቸው።

"ኪራይ ሲጨምሩብህ ነድተኸው የምትሄድ ቤት ነው!" አሉት ጋሼ።

"እኔንም ያከራዩኝ፣ ጣሪያው ላይ ብሆንም አልጠላም!"

እትዬ ሥጋውን፣ እንጀራውንና ድንቹን በበረዶ ሣጥን አስጭነው፣ የሱቃቸውን በር ሦስት ጊዜ ፈትሸው ገቡ። እማዬ አልመጣችም፤ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም አለች። ስትሰናበተኝ እንደ ወትሮው ጉንጬን ብቻ አልሳመችኝም። አቅፋኝ ቆየች። "ለሁለት ቀን እኮ ነው፣ እማዬ" አልኳት።

ወንድሜ ነዳ። መንገዱ ሁሉ ሣቅ ነበር። በየመታጠፊያው ቁም ሣጥኖቹ እየተከፈቱ ኩባያ ይወረወራል፤ እትዬ ወንበራቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። "እትዬ፣ ማርያምን ስትጠሪ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ማን ነው፣ እሷ ወይስ እኔ?" ይላል ወንድሜ። እሱ ለትልቅ ሰው አንቱ ማለት ትቷል፤ እኔ ግን ለእትዬም ለጋሼም እርስዎ ነው የምለው።

ፓርኩ ስንደርስ ቦታችን ከወንዙ ጥቂት እርምጃ ብቻ ራቅ ብሎ፣ ሦስት ትልልቅ ዛፎች ሥር ሆኖ አገኘነው። ጋሼ ጎማዎቹ ሥር ሰሌዳ እያስገቡ መኪናውን አስተካከሉ፤ ወንድሜ የውሃውንና የመብራቱን መስመር ሰካ። የቆሻሻ ውሃውን ቱቦ ሲያይ ግን ጓንቱን ወርውሮ "ይሄን እኔ አልነካም፣ ኦኬ? ኮንትራቴ ውስጥ የለም" አለ። ጋሼ ለመርዳት ወደ ውስጥ ሲገቡ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ከሚወርደው የአየር ማቀዝቀዣ ሣጥን ጋር ግንባራቸው ተላተመ። ድምፁ ውጭ ተሰማ።

"ጋሼ፣ ስትገዛው ቆመህ አላየኸውም እንዴ?" አለ ወንድሜ።

"መኪና አይደል? ተቀምጬ ነው የገዛሁት" አሉ፣ ግንባራቸውን እያሹ። አባዬ እንኳ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጋሼ አርቪው ውስጥ ወይ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ፣ ወይ ይቀመጣሉ እንጂ አይቆሙም ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና ጋሼ ወንዙ ዳር ወረድን። ደረቅ ቅጠል ውሃው ላይ ጥለው፣ እኔን በዳርቻው ላይ ሃያ እርምጃ አስቆጥረው፣ ቅጠሉ ያን ለማለፍ የፈጀበትን ጊዜ በሰዓታቸው ለኩ። "ፍጥነቱን አወቅን። ጥልቀቱንና ስፋቱን ብትጨምሪበት፣ ወንዙ በሰከንድ ምን ያህል ውሃ ይዞ እንደሚሄድ ትነግሪኛለሽ" አሉ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ጥልቀቱን በዱላ፣ ስፋቱን በእርምጃ ለካሁ። በስልኬ አስልቼ ስነግራቸው "የቀረውን እዚያ ያስተምሩሻል" አሉና ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። ፀሐዩ አስቸገራቸው ብዬ ኮፍያቸውን አቀበልኳቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙቀቱ ከዛፉ ጥላ ሥርም የማያስቀምጥ ሆነ። እትዬ ከአርቪው በር ብቅ ብለው "ልጄ፣ ነይ ግቢ፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል" አሉኝ። ገባሁ። አባዬ የሾፌሩን ወንበር ወደ ውስጥ አዙሮ ተቀምጧል። ወንድሜ እኔ ስገባ ተነሳና "ታንኩን ልይ" ብሎ ወጣ። ትናንት የወረወረውን ጓንት ከደረጃው ሥር አንሥቶ ሲያጠልቅ በመስኮቱ አየሁት።

ከትንሿ ጠረጴዛ ኋላ እንደተቀመጥኩ ጋሼና እትዬ ከአልጋው ጫፍ ተነሱ። ወደ እኔ ሦስት እርምጃ መጥተው ቆሙ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ልጄ፣ ለልመና ነው የመጣነው" አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። "ከየት ነው የመጣችሁት፣ እትዬ? ከአልጋው?"

አልሳቁም። ጋሼ "አባትሽ ሽማግሌ ልኮብሻል" አሉ። ረጅም አንገታቸው በማቀዝቀዣው ሣጥን ምክንያት ወደ ግራ ዘምሟል። "እኛ ነን ሽማግሌዎቹ።"

"በምን ነገር?"

"አንድ ዓመት። አንድ ዓመት ብቻ እዚሁ ቤትሽ ሆነሽ፣ እዚህ ኮሌጅ ተማሪ። አባትሽ ልቡ አልቆረጠለትም። ዓይኑም እየደከመ ነው። ትምህርት ቤቱን ቦታዬን ለሚመጣው ዓመት አቆዩልኝ ብለሽ ጻፊላቸው፤ እንደሚያቆዩ የሚያውቅ ሰው ጠይቄያለሁ። በዓመቱ በዚሁ መኪና እኔ ራሴ አደርስሻለሁ።"

"ጋሼ፣ ደብዳቤውን የጻፉልኝ እርስዎ እኮ ነዎት።"

"እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ልለምንሽ ፊት ያለኝ።"

ወደ አባዬ ዞርኩ። "አባዬ፣ ለምን ራስህ አልጠየቅከኝም?"

"እኔ ከጠየቅኩሽ ትእዛዝ ይሆንብሻል" አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸው ነበር።

"እባካችሁ መጀመሪያ ተቀመጡ" አልኩ ሽማግሌዎቹን።

"እሺ ሳትይን አንቀመጥም" አሉ እትዬ።

ይህን ወግ አውቀዋለሁ። የሰው ቤት ለልመና የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ የቆመ ሽማግሌን ማቆየት ደግሞ ነውር ነው። በሌሎች ቤት ሲሆን ሰምቼ፣ ደስ የሚል ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግን ሳሎን የለም፣ ሄጄ የማስብበት ሌላ ክፍል የለም። እትዬ ባለፈው ዓመት ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ነበር፤ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዘው ነው የቆሙት። ጋሼ አንገታቸው እንደ ዘመመ ነው። ማቀዝቀዣው ከጆሯቸው ሥር ያንጎራጉራል፤ ከሣጥኑም ውሃ ትከሻቸው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አይጠርጉትም።

ይህን ልብ ብዬ አስቤዋለሁ፣ ደጋግሜም ራሴን ጠይቄያለሁ፤ እሺ ያልኩት በአንድ ዓመቱ ተስማምቼ ሳይሆን፣ የጋሼን አንገት ማየት አቅቶኝ ነው። ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ቢሆን ኖሮ ምናልባት እከራከር ነበር።

"እሺ" አልኩ።

ሁለቱም ተቀመጡ። እትዬ "ውለጂ፣ ክበጂ፣ ተምረሽ ለወግ ብቂ" እያሉ መረቁኝ፣ እያለቀሱ። ጋሼ ግን ምርቃቱን አስቁመው ወደ አባዬ ዞሩ። "የእሷን ቃል ተቀብለናል። አንተም በፊታችን ቃል ግባ።"

አባዬ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ የጋሼን ጉልበት ሳመና "አንድ ዓመት ብቻ። በሚመጣው ዓመት ትሄዳለች። ይኸው በፊታችሁ፣ በእግዚአብሔር ፊት" አለ። ቃላቱን አልቀየርኳቸውም። እንደዚህ ነው ያለው።

ስወጣ ወንድሜ ቱቦው ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና አላለም።

"ኦኬ ነሽ?"

"እሺ አልኳቸው።"

"ጥሩ አደረግሽ" አለና ጓንቱን አውልቆ እጁን በውሃው ቧንቧ ይታጠብ ጀመር። በጣም ረጅም ጊዜ ታጠበ።

ማታ ጥብስ በላን። ጋሼ ከወትሮው የበለጠ ቀለዱ፤ አባዬ ትልልቁን ሥጋ እየመረጠ አጎረሰኝ። እኔም ሁሉንም ደስ እንዲላቸው ብዬ ሳቅኩ። ፎቶዎቹ የተነሱት ያኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ በፊት ያደረግኩት ነገር የገባሁትን ቃል መፈጸም ነበር። እትዬ ሱቅ ሄጄ፣ ከኋላ በጠረጴዛዋ ተቀምጬ፣ ቦታዬ ለአንድ ዓመት እንዲቆይልኝ የሚለምን ደብዳቤ ጻፍኩ። ስህተት እንዳይኖርበት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አካውንቴን ከፈትኩ። የዶርሜ ገጽ የለም። የምዝገባው ቁልፍ የለም። በቦታቸው ተማሪዋ ቦታዋን በራሷ ፈቃድ ለቃለች የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ገጹን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ከዚያ ደወልኩ። ሙዚቃውን ሰማሁ። ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች፤ ስሜን ፈልጋ አገኘችና "አንቺ ራስሽ ነሽ የለቀቅሽው፣ ከራስሽ አካውንት" አለችኝ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ የለቀቀ ተማሪ ቦታ ደግሞ አይቆይም፣ በሚመጣው ዓመት እንደ ማንኛውም ሰው ከመጀመሪያው ማመልከት ይቻላል፣ መቀበላቸው ግን እርግጥ አይደለም። "ማረጋገጫውን ኢሜይል አድርገንልሻል እኮ" አለች። ፈለግኩት። ኢሜይሌ ውስጥ ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ ወደማላየው ማኅደር ተዛውሮ ተቀምጧል። ቀኑን አየሁ። ሁለተኛ ጊዜ አየሁት።

እትዬ ደንበኛ ሸኝተው ሲመጡ ፊቴን አይተው "ምነው ልጄ?" አሉ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው፤ ወንዝ ዳር ሲለምኑኝ የሚቆይ ቦታ አልነበረም፤ ከመሄዳችን በፊት ተለቋል፤ ፓስዎርዱ ያለው ወንድሜ ጋ ነው፣ ወንድሜም ያለ አባዬ ይህን አያደርግም።

"ታዲያ እኔን ለምን ነው ያቆመኝ?" አሉ። "በዚህ ጉልበቴ፣ ለሌለ ነገር?"

ለጋሼ ደወሉላቸው። ጋሼ በሃያ ደቂቃ ደረሱ። መነጽራቸውን አድርገው የስልኬን ማሳያ ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ያለቀ ነገር ላይ ነው ሽማግሌ ያደረገኝ" አሉ በመጨረሻ። "በእኔ አፍ ነው ያታለለሽ።" ከዚያ ኮፍያቸውን አደረጉና ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን አልመጡም። ባልና ሚስት ሲጣሉም ቢጠሯቸው "ሌላ ሰው ፈልጉ" ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ወንድሜን መኪናው ውስጥ አገኘሁት፣ ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አድርጎ ቡና ሲጠጣ። ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ፓስዎርዱ ያለው አንተ ጋ ነው" አልኩት።

ቡናውን አስቀመጠ። "አባዬ ለመነኝ። አለቀሰ እኮ። ሶ ምን ላድርግ?"

"ለእኔ ልትነግረኝ ትችል ነበር።"

"ብነግርሽ ትሄጃለሽ።"

"ታዲያ ካጠፋችሁት በኋላ ሽማግሌ ለምን አስፈለገ?"

"እሺ እንድትይ ነዋ" አለ፣ ግልጽ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። "በራስሽ ፈቃድ ቀረሁ እንድትይ። ሰው ሲጠይቅሽም፣ አንቺም ራስሽ።"

"እምቢ ብልስ ኖሮ?"

"እምቢ አትይም። አውቅሻለሁ።"

እንደ ስድብ አልነበረም የተናገረው። በፍቅር ነው ያለው። ለዚህ ይሆናል ከሁሉ የባሰብኝ።

አባዬን አልጠየቅኩትም። ማወቄን እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ደብዳቤ እንዳነብለት አልሰጠኝም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የኤሌክትሪኩን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አነበብኩለት። እማዬ ቀድማ ታውቅ እንደነበርም አልጠየቅኩም። አሁን በአውቶቡስ የሚደረስ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሰማያዊውን ብርድ ልብስ በድሮ አልጋዬ ላይ እለብሰዋለሁ። ማመልከቻውን ከመጀመሪያው እየጻፍኩ ነው፣ በአዲስ ፓስዎርድ። ጋሼን የድጋፍ ደብዳቤ ስጠይቃቸው ቀድመው ጽፈው አስቀምጠውልኝ ነበር።

ሰው ለምን እንደቀረሁና መቼ እንደወሰንኩ ሲጠይቅ፣ አባዬ "ሽማግሌ አክብራ፣ ቅዳሜ ዕለት ወንዝ ዳር" ይላል። እትዬ እውነቱ የወጣበትን ሰኞ ይላሉ። እኔ ኢሜይሉን አትሜ ይዤዋለሁ። አርቪው ገና ጋሼ ግቢ ቆሞ፣ ሥጋውም ሳይገዛ፣ ነገሩ ያለቀው አባዬ ብርድ ልብሱን ይዞልኝ በመጣ ዕለት ነው፤ ረቡዕ፣ ጁላይ 16።